የሠላሳ ሰባት ቁጥር አንድ ስህተት

ሰኞ፣ ኦክቶበር 7

ዝናብ። ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ዓይነት፣ ቀጭን፣ የማይቆም። ብስክሌቴን ትቼ በእግሬ ሄድኩ።

አዲስ ነገር የለም። ሁለት የተበላሹ ማራገቢያዎች ቀየርኩ። አንድ ኬብል ያለቦታው ተሰክቶ አገኘሁ... ማን እንደሰካው አውቃለሁ፣ ነቅዬ ቦታው መለስኩት። ከምሳ በኋላ ኦውቲ ጠራችኝ። የሁላችንም አለቃ ናት። ሁልጊዜ ቆማ ነው የምታወራው።

«ሠላሳ ሰባት ቁጥርን ታውቀዋለህ አይደል? የደን ጥናት ተቋሙ ሦስት ዓመት ሲሠራበት የቆየውን ሰርቨር። እነሱ ጨርሰዋል። አጽዳውና ለአዲስ ደንበኛ አዘጋጀው።»

«የማን ሥራ ነው?»

«የሬይዮ። በዚህ ወር 24 ቀን፣ እንግዶች ባሉበት ይከፈታል።»

የሬይዮ። ሌላ ምን ልጠይቅ? ደንበኛው ማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩም።

ሃያ ሁለት ዓመት በዚሁ ሕንፃ ውስጥ፣ በሦስተኛው የወረቀት ማሽን ላይ፣ እኔ በአንድ በኩል እሱ በሌላ በኩል። ፋብሪካው ሲዘጋ አብረን ተሰናበትን፣ አብረን ሌላ ሙያ ተማርን፣ አብረን ተመለስን። ማሽኑ የነበረበት አዳራሽ አሁን ሰርቨር ተደርድሮበታል። በሴፕቴምበር ለአዳራሽ ኃላፊነት ሁለታችንም አመለከትን። ለሱ ሰጡት። እሱ የመስታወት ክፍል አገኘ። እኔ ያችው ብሎን መፍቻዬ አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 8

ሠላሳ ሰባትን ከጓደኞቹ ነጥዬ ከመደርደሪያው አወጣሁት። ከባድ ነው፣ ወገቤ ተሰማኝ። ክዳኑን ስከፍተው አቧራው እንደ ግራጫ ሱፍ ተጋግሯል። ከክዳኑ በስተ ውስጥ አንዱ ፕላስተር ለጥፎ በእስክሪብቶ ጽፎበታል፦ «አትንኩኝ፣ እያሰብኩ ነው»። ብቻዬን ሳቅኩ።

ተቋሙ ሥራውን ሁሉ ገልብጦ መውሰዱን በጽሑፍ አረጋገጥኩ። አንዴ ከጠፋ መመለሻ የለውማ። ከዚያ ዲስኮቹን ማጥፋት ጀመርኩ። እስከ ነገ ይፈጃል።

ሬይዮ ከውጭ አገር የመጡ ሦስት ሰዎች አስከትሎ አለፈ። በእንግሊዝኛ ሲያወራ! መቼ ነው የተማረው? ኮርሱ ላይ አብረን ሆነን እኔ ነበርኩ ቃላቱን ወረቀት ላይ እየጻፍኩ የምሰጠው።

«ይሄ ታውኖ ነው፤ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ከሱ የተሻለ እጅ የለም» አላቸው፤ ያንን ለኔ ደግሞ በፊንላንድኛ ነገረኝ። ሰዎቹ ፈገግ አሉ። እጅ... እሱ ጭንቅላት፣ እኔ እጅ ማለት ነው?

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 9

ዲስኮቹ ባዶ ሆኑ። መዝገቡ ላይ ቁጥራቸውን አንድ በአንድ አመሳከርኩ።

ሄልካ ላፕቶፗ ተበላሽቶባት ከኦውሉ ከተማ ደውላለች። ለሬይዮ። ልጄ። ለሬይዮ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 10

ባለቤቴን ማርኬታን ጠየቅኳት። መጠየቅ አልነበረብኝም።

«ለምን ለኔ አልደወለችም?»

«ምክንያቱም አንተ መጀመሪያ ምን ነካክተሽ ነው ብለህ ትቆጣታለህ። እሱ ዝም ብሎ ይሠራላታል።»



ጋዜጣው ላይ ፎቶው ወጥቷል፣ በሰርቨሮቹ መሃል እጁን አጣጥፎ። ማርኬታ መነጽሯን አድርጋ አየችው። «ይሄ ሰማያዊ ሹራብ አምሮበታል» አለች። እኔም እኮ አለኝ ያው ሹራብ። በአንድ ቀን ነው የገዛነው፣ ከአንድ ሱቅ። አርባ ጊዜ ለብሼው አይታኛለች።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 11

አቧራውን ጨረስኩ። የማዘርቦርዱን ሶፍትዌር አደስኩ፣ ሁለት ያረጁ ኬብሎች ቀየርኩ። ስምንቱን ራም፣ የሰርቨሩን የማስታወሻ ሰሌዳዎች፣ አንድ በአንድ አውጥቼ ጠራርጌ መለስኳቸው። ከሰዓት በኋላ የሚሞሪ ፍተሻውን አስጀመርኩ። እስከ ሰኞ ጠዋት ራሱን እየደጋገመ ይሠራል። ደንባችን ነው፤ በዚያ ሁሉ ሰዓት አንዲት ስህተት ከተገኘች ያ ራም ወጥቶ በአዲስ ይተካል፣ ፍተሻው እንደገና ይጀመራል።

ስወጣ ሬይዮ በር ላይ ያዘኝ።

«ነገ እኛ ቤት ሳውናው ይሞቃል። ከማርኬታ ጋር ኑ።»

«ወገቤን አሞኛል።»

«ለወገብ ነው እኮ የሳውና እንፋሎት!»

«አይ... ሌላ ቀን።»

አየኝ። ትከሻዬን መታ አድርጎ ሄደ። እንደ አለቃ ነው የመታኝ ወይስ እንደ ሬይዮ? ድሮም እንዲሁ ነበር የሚመታኝ መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 12

ማርኬታ ብቻዋን ሄደች። ከሬይዮ ሚስት ጋር ሐይቁ ውስጥ ገብተው ወጥተዋል፣ በዚህ ብርድ። ጉንጯ ቀልቶ፣ ፀጉሯ እርጥብ፣ እየሳቀች መጣች። የሬይዮን ቀልድ ልትነግረኝ ሞከረች፣ ሳቋ አላስጨርስ አላት።

«ሲያወራ ሰው ይሰማዋል» አለች ጫማዋን እያወለቀች።

እኔስ? እኔ ሳወራ ማን...

ከቁርስ የተረፈ ዳቦ በልቼ ነው የዋልኩት። አሳ እንኳ አልጠበስኩም።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 14

የሆነውን በትክክል ልጻፈው።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ገባሁ። ፍተሻው አልቋል። ስክሪኑ ላይ፦ ስህተት 1። ስድስተኛው ራም፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ከስልሳ በላይ ዙር ሄዶ አንዴ ብቻ።

አዲስ ራም ያለበት ቁም ሳጥን ከጠረጴዛዬ አራት እርምጃ ነው። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ተነሳሁ። ከዚያ በመስታወቱ በኩል ሬይዮን አየሁት፤ ኦውቲ እሱ ክፍል ገብታ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ኦውቲ! ተቀምጣ! የሆነ ነገር ነገራት፣ ሳቀች።

ቆሜ አሰብኩ። አንዲት ስህተት... በሁለት ቀን ተኩል። ወር ሙሉ ላይደገም ይችላል። በ24ም ሊደገም ይችላል። እንግዶቹ ፊት። በሰማያዊው ሹራብ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። የዝግጁነት ቅጹን ሞላሁ። ዲስክ፣ ተሠርዟል። ጽዳት፣ ተከናውኗል። ሚሞሪ፣ ስህተት 0። ፈረምኩ።

የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ትቼ ወደ ሌላ ሥራ ሄድኩ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 15

ደህና ተኛሁ። እሱ ነው ያስፈራኝ።

ቅጹን ለሬይዮ ሰጠሁት። ሳያነበው ፋይሉ ውስጥ ከተተው።

«አታየውም?»

«አንተ የፈረምክበትን? ምኑን ነው የማየው? ይልቅ ይሄን እየው፣ የጥሪ ካርዱ ላይ ስሜን ተሳስተው ጽፈውታል» ብሎ ሳቀ።

ቢያነበውስ ምን ሊያገኝ... ዜሮ ነው የተጻፈው።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 17

ሲስተሙን ጫንኩ። ሠላሳ ሰባት አዲስ ስም ተሰጠው፣ በአዲሱ ረድፍ መጀመሪያ ላይ ገባ። ሬይዮ ራሱ መደርደሪያውን ቆለፈ፣ እስኪከፈት ያለሱ ፈቃድ ማንም አይነካውም።

ምሳ የአተር ሾርባ ነበር። ኦውቲ ከጎኔ ቆማ ትበላለች።

«አማቴም ተመዝግባለች» አለችኝ።

«ለምኑ?»

«ለአምባሩ ነዋ! ሠላሳ ሰባት ላይ የሚሠራው።» አየችኝ። «አላወቅክም እንዴ? ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንቶች ነው። እጃቸው ላይ አምባር ያስራሉ፣ ሲወድቁ ወይ ሲያማቸው ቁልፉን ይጫናሉ፣ ጥሪው እዚህ ገብቶ ወደ ረዳቶቹ ይሄዳል። ሦስት ወረዳ። በ24 የድሮው ይዘጋና በዚህ ይተካል።»

«ተጠባባቂ ሰርቨር የለውም?»

«በኖቬምበር ይመጣል። እስከዚያ እሱ ብቻ ነው።»

ሾርባው ቀዘቀዘብኝ። ለታይታ የሚደረግ ነገር ነው ብዬ ነበር የያዝኩት። ብጠይቅ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ትነግረኝ ነበር።

እሑድ፣ ኦክቶበር 20

ነገ እነግረዋለሁ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 21

አልነገርኩትም። ልንገረው ብዬ ነው የገባሁት... ስገባ ስልክ ላይ ነበር። በእጁ ቁጭ በል አለኝ። ለአንዱ ጋዜጠኛ ነው መሰለኝ፣ «አዎ፣ ከወረቀት ማሽን ነው የመጣሁት» እያለ። የመጣሁት! ብቻውን የመጣ ይመስል። ስልኩን ሲዘጋ የነበረኝ ሐሳብ ሁሉ ተለወጠ።

«መደርደሪያውን ክፈትልኝ፣ ሠላሳ ሰባትን አንዴ ላጽዳው» አልኩት።

«ጽዳት? አሁን? አጽድተኸው የለም እንዴ?»

«ማራገቢያው ድምፅ አለው።»

«ሰምቼዋለሁ፣ ምንም የለውም። ተወው ታውኖ፣ ሦስት ቀን ሲቀረው አይነካካም። ራስህን አታድክም።»

ስድስተኛውን ራም ለመቀየር መክፈት እንዳለብኝ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር እችል ነበር። «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 24

አራት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ወደ ሠላሳ ሰው። ጣፋጭ ዳቦ፣ ጭማቂ፣ ንግግር። ሬይዮ ሹራብ አልለበሰም፣ ኮት ነው የለበሰው። ስለ ፋብሪካው አወራ። የኔን ስም ጠራ፤ «ሰርቨሩን ያዘጋጀው ታውኖ ነው» አለ። ሰዎቹ ዞረው አዩኝ፣ አጨበጨቡ።

ከዚያ ማሳያው። ኢምፒ የሚባሉ ሴትዮ፣ ሰማንያ አራት ዓመታቸው፣ ከከተማው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ርቀው የሚኖሩ፣ አራት ሰዓት ከአርባ ላይ ቁልፉን ይጫናሉ፣ ጥሪው ትልቁ ስክሪን ላይ ይወጣል ተብሏል።

አርባ ሆነ። ስክሪኑ ባዶ። አርባ ሁለት። ሬይዮ ቀለደ፣ ሳቁለት። አርባ አምስት። ሮጦ ወደ አዳራሹ ገባ፣ ተከተልኩት። ሠላሳ ሰባት ቆሟል። ስክሪኑ ላይ ሚሞሪ የሚል ቀይ መስመር። ስድስተኛው።

እዚህ ማንም አያየኝም፣ ልጻፈው፦ የሬይዮ አንገት ሲቀላ ሳይ ደስ አለኝ። አንድ ደቂቃ አይሞላም። ግን ደስ አለኝ።

ከዚያ ሬይዮ ለሴትዮዋ ደወለ፤ ስልካቸው አይነሳም። ሬይዮ የድሮውን ሲስተም መልሶ አስነሳ፣ ጎረቤታቸውን ፈልገው አገኙ፣ ሰውየው ሄዶ በሩን ከፈተ። ለካ ኢምፒ ማሳያው እውነት እንዲመስል ብለው በራሳቸው ፈቃድ ወለል ላይ ተኝተዋል! ማንም ተኙ አላላቸውም። ከዚያ መነሳት አቃታቸው። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ። ሃያ አምስት ደቂቃ ቁልፉን እየተጫኑ።

አልተጎዱም። ያን ስንሰማ ኦውቲ ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች።

ሬይዮ ወደ እንግዶቹ ተመለሰ። «ጥፋቱ የኔ ነው። በሰው ሕይወት የሚመጣ ነገር ሁለቴ መፈተሽ ነበረበት፣ አላስፈተሽኩም» አላቸው። ስሜን አላነሳም። ቅጹ ፋይሉ ውስጥ እያለ፣ ፊርማዬ ከታች እያለ።

ከዚያ ኦውቲ ከሬይዮ ጋር ገብታ የመስታወቱን ክፍል መጋረጃ ዘጋችው። አንድ ሰዓት ሙሉ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 25

የፍተሻውን ውጤት አትሜ ይዤ ገባሁ። ሳልቀመጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

አነበበ። ቅጹን ከፋይሉ አወጣ። አንዱን ከአንዱ ጎን አደረገ።

«ሰኞ ጠዋት አይተኸው ነበር?»

«አይቼው ነበር።»

«ረስተህ ነው?»

እንድል የፈለገው እሱን ነበር። ፊቱ ላይ አየሁት። አዎ ብለው ኖሮ ያምነኝ ነበር።

«አልረሳሁም። ቀንቼብህ ነው።»

የወንበሩን እጀታ ያዘ።

«በዚህ ወንበር?» አለ።

«በወንበሩም... በሁሉም። ሄልካ ላንተ ደወለች።»

«ስለ ላፕቶፕ!» ጮኸ። ሃያ ሁለት ዓመት ያን ያህል በሚጮኽ ማሽን አጠገብ ሲሠራ አንድ ቀን ጮኾብኝ አያውቅም። «ስለ ላፕቶፕ ታውኖ! ሴትዮዋ ሞተው ቢሆንስ?»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። እኔ ነኝ ትናንት ስልኩ ሲጠራ ጆሮዬ ላይ ይዤ የቆምኩት።» ወረቀቱን መልሶ ወደኔ ገፋው። «ለኔ አይደለም መጀመሪያ መናገር ያለብህ። ሂድና ለሳቸው ንገራቸው። በስልክ አይደለም። ከዚያ ለኦውቲ።»

«ሬይዮ...»

«ውጣልኝ።»

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 26

ወደ ኢምፒ ቤት ነዳሁ። የመጀመሪያው በረዶ እየጣለ ነበር፣ መሬት ሳይደርስ ይቀልጣል። ኢምፒ ትንሽ ናቸው፣ ድምፃቸው ግን ትልቅ። በሩ ላይ ቆሜ ነገርኳቸው፣ እንደ ፖሊስ ሪፖርት።

«አንተ ነህ ታዲያ ወለል ላይ ያስተኛኸኝ!»

«እኔ ነኝ።»

«ጓደኛህ ላይ ቀንተህ።»

«አዎ።»

«ቆንጆ ነው?»

«ማን?»

«ጓደኛህ!»

«ሹራብ ያምርበታል» አልኩ። ሴትዮዋ ሳቁ፣ ከዚያ ወዲያው መሳቃቸውን ተዉት።

«ሃያ አምስት ደቂቃ ረጅም ነው» አሉኝ። «መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ ዘፈንኩ። ከዚያ ፈራሁ። ማንም ካልመጣ ስንት ቀን ይፈጅብኝ ይሆን ብዬ አሰብኩ፣ ሁለት ቀን ወይስ ሦስት... እንዲህ ያለ ነገር አስበህ ታውቃለህ? ጫማህን አውልቅ። ተኝቼ ሳለሁ ከሶፋው ሥር ያለውን አቧራ አይቻለሁ። እንዳንተ ያለ ሰው ነው የሚጠርገው። መጥረጊያው ከበሩ ኋላ ነው።»

ጠረግኩ። በሆዴ ተኝቼ፣ ከሶፋውም፣ ከቁም ሳጥኑም ሥር። እሳቸው ወንበር ላይ ሆነው እያዘዙ። ከዚያ የብሉቤሪ ኬክ ቆርሰው ሰጡኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም። እኔም አልጠየቅኩም።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 28

ለኦውቲ ነገርኩ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ለአንድ ዓመት ምንም ቅጽ ላይ አልፈርምም። ታባርረኛለች ብዬ ነበር፤ ሬይዮ ነው አሉ እንዳልባረር የተናገረው። «ላንተ ብሎ አይመስለኝም» አለች ኦውቲ። «ሠላሳ ሰባትን እንደገና የሚያዘጋጅ ሰው ያስፈልገናል፣ ሌላ ሰው የለም።»

ማርኬታ ሁሉንም ሰማችኝ። ድንች እየላጠች ነበር፣ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ስለሱ ቀልድ ለምን የማወራልህ ይመስልሃል?»

«ስለሚያስቅሽ።»

«ቤት ውስጥ የማወራው ሌላ ነገር ስለማትሰጠኝ ነው።»

ተነስታ ወጣች። ድንቹን እኔ ጨረስኩት።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 1

ሠላሳ ሰባት ከረቡዕ ጀምሮ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ከመጀመሪያው። ዲስክ ማጥፋት፣ መክፈት፣ ማጽዳት። ሬይዮ ከኋላዬ ቆሞ ያያል። ስድስተኛውን ራም አውጥቼ አቀበልኩት። በአዲስ ተካሁት። ፍተሻው ተጀመረ።

ሙሉ ቀን የተናገረው፦ «ቀጥል»፣ «ቆይ»፣ «ቁጥሩን አንብብልኝ»። ካነበብኩለት በኋላ ራሱ ጎንበስ ብሎ ያነበዋል።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ስህተት 0። እውነተኛ ዜሮ። ሬይዮ ስክሪኑን ፎቶ አነሳ። ከዚያ ፍተሻውን እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመረው፣ ሌላ ሦስት ቀን። በኔ ፊት።

ሄልካ ደወለች። እናቷ ነግራታለች። «አባዬ፣ ልትቆጣኝ ካልሆነ ማተሚያዬም አልሠራ ብሎኛል» አለችኝ። አልተቆጣሁም። አንድ ሰዓት ያህል አወራን፣ ስለ ማተሚያው አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12

ተጠባባቂው ሰርቨር መጣ፣ ተያያዙ። ሥራ ጀመረ። እንግዳ የለ፣ ንግግር የለ። ኢምፒ ከወንበራቸው ሆነው ተጫኑ፣ ጥሪው በሁለት ሰከንድ ገባ። ቅጹ ላይ የሬይዮ ፊርማ ብቻ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 15

ምሳ የሳልመን ሾርባ። እኔ መስኮቱ ጋ፣ ብቻዬን። ሬይዮ በሩ አጠገብ ካለው ትልቁ ጠረጴዛ ላይ ከሌሎቹ ጋር ነበር። ቀልድ እየነገራቸው ነው፤ ከሩቅ እጁን አይቼ አወቅኩት፣ የትኛው እንደሆነም አወቅኩ። የወረቀት ማሽኑ ውስጥ ቦት ጫማው የገባበት የዋና መሐንዲሱ ታሪክ። እዚያ ነበርኩ እኮ። ጫማውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሁሉም ሳቁ።

እንደ ልማዴ ቅናቱ እስኪነሳብኝ ጠበቅኩ። ሌላ ነገር ነው የመጣው። ትንሽ ቆይቼ ነው የገባኝ... ናፍቆኛል። ከአሥር እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጦ፣ ናፍቆኛል።

ሰኞ ሳህኔን ይዤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ። ተነሳ ካለኝ እነሳለሁ። ማክሰኞ ደግሞ እሞክራለሁ።